ሦስት ጠብታ

የጦሳ ጉም በመስኮት ገብቶ ከወንበሬ ጀርባ ቆሟል፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ደሴ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።
ነቅተን ያለነው እኔና ማቀዝቀዣው፤
እሱም ያጉረመርማል፣ ሆዱ ባዶ እንደ ሆነ ሰው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ይማም ይባላል፣ ከኩታበር፤
ጋቢው በሚስቱ ደም ርሶ፣ ሲንተባተብ፣ ሲደናበር።
እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ፤
«ቅጂው እህቴ፣ ከእኔ ቅጂው፣ ሳይነጋ!
ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣራ፣ ዘጠኝ ዓመት አንድ ገበታ፤
ለሉባባ ያልሆነ ደም ለምን ሊሆነኝ? ለጨዋታ?»

ምን ልበለው? ሰሌዳዬ ፍቅር ማንበብ አልተማረም፤
ሦስት ጠርሙስ ነው የሚያውቀው፣ ከዚያ ወዲያ አይናገርም፦
አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ እንደ ምንጭ የጠራ።
ጣቱን ወግቼ ሦስት ጠብታ አኖርሁ በየተራ፤
በስንጥር አማስዬ፣ እያወዛወዝሁ ቆጠርሁ።
በሰማያዊው ደሙ ተቋጠረ፣ እንደ ተበጠሰ ወተት፤
በቢጫው ዝም፤
በጠራው እንደገና ፍርፍር።
«ኤ ፖዘቲቭ» ብዬ ጻፍሁ።

የእሷስ? ሦስቱም ዝም።
ሦስቱም እንደ ቀይ ሐር ለስልሰው ተኙ።
ኦ ኔጌቲቭ፤ በመዝገቤ በወር አንዴ ብጽፋት ነው።

«የእኔስ?» አለ። «ጤነኛ ነው» አልሁ፣ «ለእሷ ግን መርዝ ነው።»
ምነው ሌላ ቃል በመረጥሁ!
ክንዱን የሰው ዕቃ ይመስል አየው፤
እጅጌውን ቀስ ብሎ መለሰው።

ወንድሟ ሙሄ ገፍቶት ገባ፦
«አንድ ጡት ነው የጠባን! ሥጋዬ ናት፣ ደሜ ናት!»
ደሜ ናት። በአማርኛ እውነት ነው፤
በሰሌዳዬ ላይ ግን ሙሄ ቢ ነው።

«ልጅ ሞቶባት ያውቃል?»
«ሁለተኛው» አለ ይማም፣ «እንደ አደይ ቢጫ ሆኖ መጣ፤
ሦስት ቀን ቆየ። ግማሹ ዓይን ነው አለ፣ ግማሹ ጥላ፤
ክታቡን አንገቱ ላይ ሳናስረው ወጣ።»
ዓይን አልነበረም፣ ይማም።
በኩሯ ሲወለድ አንድ ሰው ጣቷን ወግቶ
ሦስት ጠብታ ቢያይ ኖሮ፣
አንዲት መርፌ ነበረች።
አንዲት።
ይህን ለዚያ ሌሊት አልነገርሁትም።

ከመዝገቤ ጀርባ በእርሳስ የጻፍኋቸው አምስት ስልኮች አሉኝ።
አንዱ ተዘግቷል። አንዱ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው።
አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። አንዱ ባለፈው ወር ሰጥቷል።
አምስተኛው ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃጨርቁ ፋብሪካ ጀርባ ተኝቶ ነበር፤
«መጣሁ» ብቻ አለኝ።
የሐረጎን ጥምዝምዝ በዚያ ጉም እንዴት እንደ ወጣው እንጃ፤
ደረሰ፣ የግራ ጫማውን በቀኝ አጥልቆ።

ካርድ አሳየኝ። ካርድ አላምንም፤ ካርድም ሰውም ይሳሳታል።
ወጋሁት። ሦስቱም ዝም።
ከዚያ የእሱን ደም ከእሷ የደም ውሃ ጋር በአንድ ብልቃጥ አገናኘሁና
ጠበቅሁ።
የሽማግሌ ሥራ ነው ሥራዬ፤
ሁለት ደም አስቀምጬ ይጣሉ እንደሆን አያለሁ።
አልተጣሉም።

ከረጢቱ ላይ ልጽፍ «ሙሉ ስም?» አልሁት።
«ደመላሽ» ብሎ ጀመረ።
እስክሪብቶዬ ቆመ።
«አጎቴ በተገደለ በወሩ ነው የተወለድሁት፤
አባቴ ያወጣው፣ እንድመልስ።»
«መለስህ?»
ክንዱ ላይ ያለውን ጥጥ ተጭኖ ሳቀ፦
«ይኸው በየሦስት ወሩ እመልሳለሁ፤
ለማን እንደ ሆነ ብቻ አትነግሩኝም።»

ሲነጋ አዋላጇ ግፊቷ እንደ ተመለሰ ነገረችኝ።
ይማም ግን አልሄደም፤ በሩ ላይ ጨርቅ ታቅፎ ቆሟል፣
ከጨርቁ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ተረከዝ ወጥታለች።
«እሷንም» አለኝ፣ «አሁኑኑ፤ እያየሁ።»

ሰሌዳዬን አጠብሁ። ጠብታ፣ ጠብታ፣ ጠብታ።
በሰማያዊው ተቋጠረ፤ የአባቷ ነው።
በቢጫው ዝም።
ይማም ትንፋሹን ይዟል፤ እኔም ይዣለሁ፤
ሦስተኛዋን አወዛወዝሁ፣ አወዛወዝሁ፣
ዝም አለች።